የሊኑክስ ፓኬጆችን ያለ ኢንተርኔት በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ መጫን

የሊኑክስ ፓኬጆችን ያለ ኢንተርኔት መጫን ማለት የሶፍትዌር ፓኬጆችን ኢንተርኔት ወዳለበት ቦታ ሄዶ ካወረዱ በኋላ በፍላሽ፣ በዲቪዲ ወይም በውስጥ ኔትወርክ አድርሶ ግንኙነት በሌላቸው ኮምፒውተሮች ላይ መጫን ነው። አብዛኞቹ የሊኑክስ ስርጭቶች ሶፍትዌርን በቀጥታ ከኢንተርኔት እንዲያወርዱ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ግንኙነት በሌለው የትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል፣ በጤና ጣቢያ ወይም ሆን ተብሎ ከውጭ ኔትወርክ በተነጠለ መሥሪያ ቤት አንድ ፕሮግራም ለመጨመር ተጨማሪ ዝግጅት ያስፈልጋል። ኮምፒውተሮቹ ብዙ ከሆኑ ደግሞ አንዱን ሥራ ሠላሳና አርባ ጊዜ ላለመደጋገም የተለየ ዘዴ ይፈለጋል።

በዚህ መጣጥፍ «ፓኬጅ» የሚለው ቃል የሶፍትዌር ጥቅልን እንጂ በስልክ የሚገዛውን የኢንተርኔት ፓኬጅ አያመለክትም። ዋናው ማብራሪያ የሚመለከተው ዴቢያንን እና ከእሱ የተገኙትን እንደ ኡቡንቱ ያሉ ስርጭቶች ነው፤ ሌሎቹ በመጨረሻ ላይ በአጭሩ ተጠቅሰዋል።

የፓኬጅ ምንነት

በሊኑክስ ፓኬጅ ማለት የአንድ ፕሮግራም ፋይሎች፣ ስለ ፕሮግራሙ የሚገልጽ መረጃ እና በመጫን ጊዜ የሚሠሩ ትናንሽ ስክሪፕቶች በአንድ ላይ የተጠቀለሉበት ፋይል ነው። የዴቢያን ፓኬጅ ስሙ «ዴብ» በሚለው ቅጥያ ያበቃል። በውስጡ ሦስት ክፍሎች አሉ፦ የፎርማቱን ቁጥር (2.0) የያዘ አጭር የጽሑፍ ፋይል፤ የፓኬጁን ስም፣ የቨርዥን ቁጥርና የሚፈልጋቸውን ሌሎች ፓኬጆች የሚዘረዝር የመቆጣጠሪያ ክፍል፤ እና በዲስኩ ላይ የሚቀመጡት ፋይሎች ያሉበት የይዘት ክፍል።

አንድ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ብቻውን አይሠራም። ለምሳሌ የቪዲዮ ማጫወቻ ምስልን፣ ድምፅንና የፋይል ዓይነቶችን የሚያነቡ ሌሎች ፓኬጆችን ይፈልጋል፤ እነዚያም በተራቸው ሌሎችን ይፈልጋሉ። ይህ ግንኙነት ጥገኝነት ይባላል። ዴቢያን ጥገኝነትን በደረጃ ይለያል፦ የግድ የሚያስፈልግ፣ የሚመከር፣ ቢኖር ጥሩ የሆነ እና አብሮ ሊኖር የማይችል።

በዴቢያን ቤተሰብ ሥራው ለሁለት መሣሪያዎች ተከፍሏል። ዲፒኬጂ የተሰጠውን የዴብ ፋይል ፈትቶ ይጭናል፤ የጎደለ ጥገኝነት ሲያገኝ ግን ያሳውቃል እንጂ ራሱ ፈልጎ አያመጣም። አፕት ደግሞ ከዲፒኬጂ በላይ ሆኖ የፓኬጅ ማከማቻዎችን ማውጫ ያነባል፣ የጥገኝነቱን ሰንሰለት ያሰላል፣ የጎደለውን ሁሉ ያወርዳል፣ ከዚያም ለዲፒኬጂ በቅደም ተከተል ያቀርባል። ያለ ኢንተርኔት መጫን የሚከብደው አፕት የለመደው ምንጭ ስለሚቋረጥበት ነው። መፍትሔዎቹም በአብዛኛው አፕትን ሌላ ምንጭ በመስጠት ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

ታሪክ

የሊኑክስ ከርነል እ.ኤ.አ. በ1991 በሊኑስ ቶርቫልድስ ተጀመረ። የዴቢያን ፕሮጀክት ደግሞ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1993 በኢያን መርዶክ ተመሠረተ። በዚያን ዘመን ሶፍትዌር በፍሎፒ ዲስክና በሲዲ መዞሩ የተለመደ ስለነበር ያለ ኢንተርኔት መጫን እንደ ልዩ ችግር አይታይም ነበር። አፕት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1999 ከዴቢያን 2.1 ጋር ሲቀርብ ጥገኝነትን በራሱ የመፍታት ሥራ ለተጠቃሚው ቀለለ፤ ከዚያ ወዲህ ኢንተርኔት ዋናው የፓኬጅ መንገድ እየሆነ መጣ።

ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2004 ከወጣ በኋላ መጫኛ ሲዲዎችን በነጻ በፖስታ ይልክ ነበር። ይህ አገልግሎት ግንኙነታቸው ደካማ በሆነ አገሮች ላሉ ተማሪዎች ስርጭቱን ለማግኘት ቀላል መንገድ ሆኖ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ቆመ። የፓኬጆች ብዛትም በየጊዜው ጨምሯል፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 የወጣው ዴቢያን 12 ሲቀርብ በማከማቻው 64,419 ፓኬጆች ነበሩት። ይህን ሁሉ በጥቂት ሲዲ ይዞ መዞር አይቻልም።

የሚያስፈልግባቸው ሁኔታዎች

የመጀመሪያው ሁኔታ ግንኙነት ፈጽሞ አለመኖሩ ነው። ሁለተኛው ግንኙነት ቢኖርም መጠኑ ለብዙ ኮምፒውተሮች አለመብቃቱ ነው። ሦስተኛው ለደህንነት ሲባል ከኢንተርኔት የተነጠሉ ኮምፒውተሮች መኖራቸው ነው፤ የፋብሪካ መቆጣጠሪያዎችና የምርምር ተቋማት በዚህ ውስጥ ይመደባሉ። አራተኛው ደግሞ ያልታሰበ መቋረጥ ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2017 ከብሔራዊ ፈተና ጋር በተያያዘ፣ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2020 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በላይ ኢንተርኔት በአገር አቀፍ ደረጃ ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የራሱ የፓኬጅ ማከማቻ ያለው ተቋም ኮምፒውተሮቹን መጠገንና ማስተካከል ይችላል፤ የሌለው ግን ግንኙነቱ እስኪመለስ ይጠብቃል።

የአንድ ጊዜ ማውረድ ጥቅም በቁጥር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። አንድ ክፍል 40 ኮምፒውተሮች አሉት፣ የሚጫኑት ፓኬጆች ከነጥገኝነታቸው 300 ሜጋባይት ናቸው እንበል። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ለብቻው ቢያወርድ ድምሩ 12 ጊጋባይት ይሆናል። በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር ይህ 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል። አንድ ጊዜ ብቻ ከወረደ ግን 20 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ያው 12 ጊጋባይት በሰከንድ 100 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ ተራ ስዊች ለሁሉም ለመዳረስ በስሌት 16 ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

ከማውረድ በፊት መታወቅ ያለባቸው ነገሮች

ፓኬጆቹ የሚወርዱት ለየትኛው ኮምፒውተር እንደሆነ በትክክል ካልታወቀ ሥራው ይከሽፋል። ሦስት ነገሮች መመዝገብ አለባቸው።

የመጀመሪያው የስርጭቱ ስምና እትም ነው። ለኡቡንቱ 22.04 የተዘጋጀ ፓኬጅ በኡቡንቱ 20.04 ላይ ብዙ ጊዜ አይጫንም፤ የሚፈልጋቸው ፓኬጆች የቨርዥን ቁጥር ከፍ ያለ ስለሚሆን ነው። ሁለተኛው የፕሮሰሰሩ ዓይነት ነው። ባለ 64 ቢት እና ባለ 32 ቢት ኮምፒውተሮች የተለያዩ ፓኬጆች ይፈልጋሉ። ይህ በተለይ አሮጌ ኮምፒውተሮችን ለሚጠቀሙ ትምህርት ቤቶች አስፈላጊ ነው፤ ኡቡንቱ ለ32 ቢት ፕሮሰሰር ሙሉ ድጋፍ የሰጠበት የመጨረሻ የረጅም ጊዜ እትም 18.04 ሲሆን፣ ዴቢያን ደግሞ ከ12 በኋላ ለእነዚህ ኮምፒውተሮች መጫኛ ማቅረቡን አቁሟል።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው በኮምፒውተሮቹ ላይ አስቀድመው የተጫኑት ፓኬጆች ዝርዝር ነው። አፕት የሚያወርደው የጎደለውን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ባለሙያ ብዙ ፕሮግራሞች በተጫኑበት የራሱ ላፕቶፕ ላይ ፓኬጁን ቢያወርድ፣ ላፕቶፑ ያሉት ጥገኝነቶች ሳይወርዱ ይቀራሉ። ፍላሹን ይዞ ክፍሉ ሲደርስ ግማሹ ሰንሰለት የለም። ይህ ያለ ኢንተርኔት በመጫን ሥራ ላይ ከሚያጋጥሙት ስህተቶች ሁሉ ዋነኛው ነው።

ለዚህ ሁለት መፍትሔዎች አሉ። አንደኛው በላፕቶፑ ላይ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ልክ እንደ ክፍሉ ኮምፒውተሮች አዲስ ስርጭት ጭኖ በዚያ ውስጥ ማውረድ ነው። ሁለተኛው የተጫኑ ፓኬጆች የሚመዘገቡበትን «ስታተስ» የተባለ ፋይል ከክፍሉ ኮምፒውተር ገልብጦ መውሰድ ነው። ፋይሉ የሚገኘው «ቫር» በሚለው ፎልደር ውስጥ ባለው «ሊብ»፣ ከዚያም «ዲፒኬጂ» በሚለው ፎልደር ነው። አፕት በራሱ መዝገብ ፈንታ በዚህ ፋይል እንዲጠቀም ሊታዘዝ ስለሚችል፣ ለላፕቶፑ ሳይሆን ለክፍሉ ኮምፒውተር የጎደለውን ያሰላል። ሁለቱ አንድ ዓይነት እትምና ፕሮሰሰር ሊኖራቸው ይገባል።

ዘዴዎች

ፋይሎችን ገልብጦ መጫን

ለአንድ ወይም ለሁለት ኮምፒውተር ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። ኢንተርኔት ባለው ኮምፒውተር ላይ የአፕት-ጌት ትእዛዝ «ዳውንሎድ-ኦንሊ» ከሚለው አማራጭ ጋር ሲሰጥ ፓኬጆቹ ይወርዳሉ እንጂ አይጫኑም። የወረዱት ፋይሎች «ቫር»፣ «ካሽ»፣ «አፕት»፣ «አርካይቭስ» በሚለው የፎልደር መንገድ ውስጥ ይገኛሉ። አፕት-ጌት ፋይሎቹን ከጫነ በኋላም እዚያው ያቆያቸዋል፤ አዲሱ አጭር ትእዛዝ አፕት ግን ከተጫኑ በኋላ ይሰርዛቸዋል። ስለዚህ ለሌላ ኮምፒውተር ለመገልበጥ ያሰበ ሰው አፕት-ጌትን ቢጠቀም ይሻላል።

ፋይሎቹ ወደ ሌላው ኮምፒውተር ከተገለበጡ በኋላ ሁሉም በአንድ ትእዛዝ ለአፕት ቢሰጡ ቅደም ተከተላቸውን ራሱ ያሰላል። የፋይሉ ስም ከመጠሪያው በፊት ነጥብና እዝባር ሊኖረው ይገባል፤ አለበለዚያ አፕት ፋይሉን ትቶ በዚያ ስም የሚጠራ ፓኬጅ ከማከማቻ ይፈልጋል።

የዲቪዲ ቅጂ

ዴቢያን ማከማቻውን በዲቪዲ ቅጂ መልክ ያቀርባል። ፓኬጆቹ በተጠቃሚ ብዛት ተደርድረው ስለሚቀመጡ በብዛት የሚፈለጉት በመጀመሪያዎቹ ዲስኮች ላይ ይገኛሉ። የመጀመሪያው ቅጂ በቀጥታ ይወርዳል፤ ቀሪዎቹን ጅግዶ በተባለ መሣሪያ መሰብሰብ ይቻላል። ዲስኩ በአፕት-ሲዲሮም ትእዛዝ ከተመዘገበ በኋላ አፕት ከእሱ እንደ ማንኛውም ማከማቻ ያነባል። ጥቅሙ የፓኬጆቹ ማውጫና ጥገኝነታቸው አንድ ላይ መምጣቱ ሲሆን፣ ጉድለቱ ዲስኩ ከተዘጋጀ በኋላ የወጡ የደህንነት ማሻሻያዎች የሌሉት መሆኑ ነው።

አፕት-ኦፍላይን

አፕት-ኦፍላይን ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም ነው። አሠራሩ ሦስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒውተር የሚያስፈልገውን በአንድ ትንሽ ፋይል ይጽፋል። ይህ ፋይል በፍላሽ ኢንተርኔት ወዳለበት ኮምፒውተር ይወሰድና ፕሮግራሙ በዝርዝሩ መሠረት ፓኬጆቹን አውርዶ በአንድ ዚፕ ፋይል ይሰበስባል። በመጨረሻ ዚፑ ተመልሶ ለመጀመሪያው ኮምፒውተር ይሰጣል። ፕሮግራሙ በፓይተን የተጻፈ ስለሆነ የሚያወርደው ኮምፒውተር ሊኑክስ መሆን የለበትም፤ ዊንዶውስ ባለበት የኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተርም ሊሠራ ይችላል። ሲናፕቲክ የተባለው የፓኬጅ ማስተዳደሪያም የማውረጃ ስክሪፕት በመጻፍ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል። ዝርዝሩ የሚዘጋጀው ለአንድ ኮምፒውተር ስለሆነ ለብዙዎች የሚያገለግለው ኮምፒውተሮቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ ብቻ ነው።

የራስ ማከማቻ ማዘጋጀት

ለብዙ ኮምፒውተሮች የሚመረጠው ይህ ነው። ማከማቻ ማለት የዴብ ፋይሎች ያሉበት ፎልደር እና የእነሱ ማውጫ ነው። ማውጫውን ዲፒኬጂ-ስካንፓኬጅስ የተባለው መሣሪያ ያዘጋጃል፤ እሱም ዲፒኬጂ-ዴቭ በሚባለው ፓኬጅ ውስጥ ይገኛል። መሣሪያው እያንዳንዱን ፋይል ከፍቶ ስሙን፣ ቨርዥኑን፣ ጥገኝነቱንና የይዘቱን ማረጋገጫ ቁጥር ይመዘግባል። በአፕት የምንጮች ዝርዝር ላይ የፎልደሩን አድራሻ የሚያመለክት አንድ መስመር ሲጨመርና ማውጫው ሲታደስ፣ አፕት ልክ ከኢንተርኔት እንደሚያደርገው ፓኬጁን በስሙ ይጭናል።

ማከማቻው በተጠቃሚ የግል ፎልደር ውስጥ ባይቀመጥ ይመረጣል። አፕት ፋይሎችን የሚያነበው መብቱ በተገደበ ልዩ ተጠቃሚ ስም ነው፤ በአዳዲስ የኡቡንቱ እትሞች ላይ ደግሞ የግል ፎልደር ለሌሎች ዝግ ነው። ለዚህ አገልግሎት «ኤስአርቪ» የተባለው ፎልደር ተስማሚ ነው።

በውስጥ ኔትወርክ ማዳረስ

ኮምፒውተሮቹ በስዊች ወይም በዋይፋይ ከተገናኙ ፍላሽ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ማዞር አያስፈልግም። ከመካከላቸው አንዱ ሰርቨር ሆኖ ማከማቻውን በኤችቲቲፒ ያቀርባል። ለዚህ ኤንጂንኤክስ ወይም አፓቼ መጠቀም ይቻላል፤ ለአንድ ቀን ሥራ ከሆነ ግን ከፓይተን ጋር የሚመጣው ትንሽ የድር ሰርቨር በቂ ነው። ይህ ሰርቨር በአንድ ትእዛዝ ተነሥቶ ያለበትን ፎልደር በፖርት 8000 ያቀርባል። ሌሎቹ ኮምፒውተሮች በምንጮች ዝርዝራቸው ላይ የሰርቨሩን አይፒ አድራሻ ይጽፋሉ።

ሰርቨሩ አልፎ አልፎ ኢንተርኔት የሚያገኝ ከሆነ አፕት-ካቸር-ኤንጂ ይጠቅማል። ይህ ፕሮግራም በፖርት 3142 ላይ ሆኖ በኮምፒውተሮቹና በኢንተርኔቱ መካከል ይቆማል፤ አንድ ኮምፒውተር የጠየቀውን ፓኬጅ አውርዶ ያስቀምጥና ለቀጣዩ ጠያቂ ከራሱ ይሰጣል። አፕት-ሚረር እና ዴብሚረር የተባሉት ደግሞ የተመረጠውን ማከማቻ በሙሉ ይገለብጣሉ። ይህ በመቶዎች የሚቆጠር ጊጋባይት ቦታ ሊወስድ ስለሚችል ብዙ ጊዜ የሚመቸው ለዩኒቨርሲቲዎችና ለትልልቅ ተቋማት ነው።

ትእዛዙን በየኮምፒውተሩ ላለመጻፍ ኤስኤስኤች እና አንሲብል ያገለግላሉ። አንሲብል ከአንድ ቦታ ሆኖ ለሁሉም ኮምፒውተሮች በኤስኤስኤች ተመሳሳይ ትእዛዝ ይሰጣል፤ በሚታዘዙት ኮምፒውተሮች ላይ ከፓይተን በስተቀር ሌላ ፕሮግራም መጫን አያስፈልገውም። በመጫን ጊዜ ጥያቄ የሚጠይቁ ፓኬጆች ሥራውን እንዳያስቆሙ መልሶቹ አስቀድመው ሊሰጡ ይገባል።

ሙሉ ዲስክ መገልበጥ

ኮምፒውተሮቹ ገና አዲስ ከሆኑ አንዱን ሙሉ በሙሉ አዘጋጅቶ ዲስኩን እንደ ክሎንዚላ ባለ መሣሪያ በሌሎቹ ላይ መገልበጥ ይቻላል። ነገር ግን ከዲስኩ ጋር የኮምፒውተሩ መለያ ቁጥር፣ ስሙና የኤስኤስኤች ቁልፎቹ አብረው ይገለበጣሉ። ካልተቀየሩ ሁለት ኮምፒውተሮች አንድ አይፒ አድራሻ እስከ መሻማት ሊደርሱ ይችላሉ።

ምሳሌ፦ አማርኛ መጻፊያ ለአንድ የኮምፒውተር ክፍል

ዴቢያን 12 በተጫነባቸው 40 ኮምፒውተሮች ላይ ተማሪዎች በአማርኛ መጻፍ እንዲችሉ ተፈለገ እንበል። የሚያስፈልጉት ሦስት ፓኬጆች ናቸው፦ አቢሲኒካ የተባለው የኤስአይኤል የግዕዝ ፊደል ቅርጽ፣ አማርኛን በላቲን ኪቦርድ ለመጻፍ የሚያስችለው የአይባስ ኤም17ኤን ፓኬጅ፣ እና የሊብረኦፊስ የአማርኛ ገጽታ። ሦስቱም በዴቢያን ማከማቻ ውስጥ ይገኛሉ። ሥራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ይከናወናል።

1. ከክፍሉ ኮምፒውተሮች የአንዱ «ስታተስ» ፋይል በፍላሽ ይገለበጣል። ሁሉም አንድ ዓይነት ካልሆኑ ጥቂት ፓኬጆች የተጫኑበት ይመረጣል፤ ለእሱ የበቃ ለሌሎቹም የመብቃት ዕድሉ ሰፊ ነው።

2. ኢንተርኔት ባለበት ቦታ፣ ዴቢያን 12 ባለው ላፕቶፕ ላይ የአፕት ማውጫ ይታደሳል። ከዚያ አፕት-ጌት በተገለበጠው «ስታተስ» መሠረት ሦስቱን ፓኬጆች ከነጥገኝነታቸው እንዲያወርድ ይታዘዛል።

3. የወረዱት ፋይሎች በአንድ ፎልደር ተሰብስበው ማውጫ ይዘጋጅላቸዋል፤ ፎልደሩም በፍላሽ ይገለበጣል።

4. በክፍሉ ውስጥ ፎልደሩ በአስተማሪው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥና በውስጥ ኔትወርክ እንዲነበብ ይደረጋል።

5. በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የኢንተርኔት ምንጮቹ ለጊዜው ተዘግተው አዲሱ ምንጭ ይጨመራል፤ ማውጫው ከታደሰ በኋላ «ሲሙሌት» በሚለው አማራጭ ሙከራ ይደረጋል። ይህ አማራጭ ምንም ሳይጭን የሚሆነውን ሁሉ ይዘረዝራል። የጎደለ ፓኬጅ ካለ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

6. ሙከራው ከተሳካ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ይጫንና ተከፍቶ ይሞከራል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ቀሪዎቹ 39 ይከተላሉ።

አምስተኛው ደረጃ እንዳይዘለል ይመከራል። የጎደለ ፓኬጅ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሲታወቅ ጉዳቱ አንድ የመልስ ጉዞ ነው፤ በ40ው ላይ ሥራው ተጀምሮ ሲታወቅ ግን 40 በግማሽ የቆሙ ኮምፒውተሮች ይተርፋሉ።

ደህንነት

ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው እትም 4.0 ጀምሮ ማከማቻዎቹን በዲጂታል ፊርማ ያረጋግጣል። ፊርማው የሚያርፈው በእያንዳንዱ ዴብ ፋይል ላይ ሳይሆን «ሪሊዝ» በተባለው የማከማቻው ዋና ፋይል ላይ ነው። ይህ ፋይል የማውጫዎቹን ማረጋገጫ ቁጥር ይይዛል፤ ማውጫዎቹ ደግሞ የእያንዳንዱን ፓኬጅ ማረጋገጫ ቁጥር ይይዛሉ። ስለዚህ ከማውጫው ተነጥሎ በፍላሽ የመጣ አንድ ዴብ ፋይል እውነተኛ ስለመሆኑ በራሱ የሚያረጋግጥ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የለውም።

በእጅ የተዘጋጀ ማከማቻ ፊርማ ስለሌለው አፕት አይቀበለውም። ብዙዎች በምንጩ መስመር ላይ «የታመነ ነው» የሚል ምልክት ጨምረው ያልፉታል። ፎልደሩን ያዘጋጀውና የጫነው አንድ ሰው ከሆነ ይህ ሊበቃ ይችላል። ማከማቻው ለብዙ ሰዎች የሚያገለግልና የሚቆይ ከሆነ ግን እንደ ሬፕሬፕሮ ወይም አፕትሊ ባሉ መሣሪያዎች በራስ ቁልፍ መፈረም የተሻለ ነው። ኦፊሴላዊው ማከማቻ በዴብሚረር ሲገለበጥ ደግሞ የዴቢያን ፊርማ አብሮ ስለሚመጣ ማረጋገጫው አይቋረጥም።

ከኢንተርኔት መነጠል ብቻውን ጥበቃ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀው ስተክስኔት የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም ከኢንተርኔት ወደተነጠሉ ኮምፒውተሮች ሊገባ የሚችለው በፍላሽ ነበር። የደህንነት ማሻሻያዎችም ያለ ኢንተርኔት በራሳቸው አይመጡም። በመሆኑም ማከማቻው በየተወሰነ ጊዜ ታድሶ ካልተመለሰ ኮምፒውተሮቹ የታወቁ ክፍተቶችን ይዘው ይቆያሉ።

የተለመዱ ችግሮች

የኮምፒውተሩ ሰዓት ወደኋላ መቅረት። ለብዙ ጊዜ ተዘግተው በቆዩ ኮምፒውተሮች ላይ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲያልቅ ሰዓቱ በርካታ ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል። ያን ጊዜ አፕት የተፈረመው ማከማቻ ቀን «ገና አልደረሰም» በማለት አይቀበለውም። መፍትሔው ቀኑን ማስተካከል ነው። በተቃራኒው የተገለበጠ የደህንነት ማሻሻያ ማከማቻ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ጊዜው እንዳለፈበት ተቆጥሮ ውድቅ ሊሆን ይችላል።

መብራት መጥፋት። በመጫን ላይ እያለ ኃይል ከተቋረጠ ፓኬጆች ተፈትተው ሳይስተካከሉ ሊቀሩ ይችላሉ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዲፒኬጂ ያልተጠናቀቁትን ሁሉ እንዲያስተካክል «ኮንፊገር» በሚለው አማራጭ ይታዘዛል። በመደጋገም አዲስ መጫን ከመጀመር ይህን ማስቀደም ተገቢ ነው።

በዲፒኬጂ ብቻ መጫን። ጥገኝነቱ ያልተሟላ ፓኬጅ በዲፒኬጂ ሲጫን በግማሽ ይቆማል። ከዚያ አፕት ችግሩን እንዲፈታ ሲታዘዝ የጎደለውን የሚያመጣበት ምንጭ ስለሌለው ብዙ ጊዜ ፓኬጁን ራሱን እንዲያስወግድ ሐሳብ ያቀርባል። ተጠቃሚው ሳያነብ ከተስማማ ሥራው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል።

በመጫን ጊዜ ኢንተርኔት የሚፈልጉ ፓኬጆች። አንዳንድ ፓኬጆች በውስጣቸው ፕሮግራሙን አልያዙም። የማይክሮሶፍት ፊደላትን የሚጭነው ፓኬጅ ፊደላቱን በመጫን ጊዜ ከኢንተርኔት ያወርዳል። በኡቡንቱ ከ19.10 ወዲህ የክሮሚየም፣ ከ22.04 ወዲህ ደግሞ የፋየርፎክስ ዴብ ፓኬጅ ወደ ስናፕ የሚመራ ብቻ ነው። እነዚህ በራሳቸው መንገድ ተለይተው ሊዘጋጁ ይገባል።

የፍላሹ ፎርማት። ፋት32 የሆነ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት ያነሱ ፋይሎችን ብቻ ይቀበላል፤ ስለዚህ ትልልቅ የዲስክ ቅጂዎች ላይገቡ ይችላሉ። ዴብ ፋይሎችን ለመያዝ ግን ችግር የለበትም።

በሌሎች ስርጭቶች

ፌዶራና ሌሎች የሬድ ሃት ቤተሰብ ስርጭቶች የአርፒኤም ፓኬጆችን ይጠቀማሉ። በእነሱ ዲኤንኤፍ የተባለው መሣሪያ ፓኬጅን ከነጥገኝነቱ ያወርዳል፤ ክሪኤትሬፖ ደግሞ ማውጫ ያዘጋጃል። ከዴቢያን የሚለየው የአርፒኤም ፋይል ብዙ ጊዜ በራሱ የተፈረመ በመሆኑ ተነጥሎ ቢመጣም ሊረጋገጥ መቻሉ ነው። ፍላትፓክ ፕሮግራሞችን ከነጥገኝነታቸው ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ትእዛዝ አለው። ስናፕ ፋይሉን ከማረጋገጫው ጋር ማውረድ ያስችላል። አፕኢሜጅ ደግሞ አብዛኛውን የሚፈልገውን በአንድ ፋይል ስለሚይዝ መገልበጥና ማስነሣት ብቻ ይበቃዋል፤ ነገር ግን በአፕት ስለማይመዘገብ ማሻሻያውን መከታተል የተጠቃሚው ኃላፊነት ይሆናል። የፓይተን ላይብረሪዎችም በፒፕ አንድ ቦታ ወርደው፣ ኢንተርኔት እንዳይፈልግ ታዝዞ ከፎልደር ሊጫኑ ይችላሉ።

ደግሞ ይዩ፦ ሊኑክስ፣ ዴቢያን፣ ኡቡንቱ፣ ነጻ ሶፍትዌር፣ የኮምፒውተር ኔትወርክ